ባሕር ማዶ የቀረ ልቅሶ

ሥርጉት ለእናቷ አላለቀሰችም።

ስሜነሽ ይህን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖረች። ቢቸና ላይ ድንኳን ተጥሎ አገር ሲያለቅስ፣ ባዳው እንኳ ደረቱን ሲደቃ፣ ጣሊያን አገር ያለችው ታናሽ እህቷ ትንፍሽ አላለችም። «መርዶው ደርሷታል» ብሎ ነበር ሞጣ የሚነግደው ወንድማቸው ይስማው። ደርሷት ዝም? ከዚያ ወዲህ ስሜነሽ የሥርጉትን ስልክ አንስታ አታውቅም። የንስሐ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሏት፣ «እንግዲያስ አልጸልይማ፣ አባ!» ብላ መለሰችላቸው። ስሜነሽ እንዲህ ናት፤ እንቢ ካለች እንቢ ነው።

ዘንድሮ ሥርጉት የመኖሪያ ወረቀቷ ተስተካክሎላት፣ እህቷ መጥታ እንድትጠይቃት ጥሪና ትኬት ላከች። ሰው ሁሉ አትሄድም ሲል ስሜነሽ እሄዳለሁ አለች። ፊት ለፊት ልትነግራት ነዋ! ቃሉን ጤፍ ስታርም ስታሰናዳው ከርማለች፤ «አንች ሥርጉት፣ ድንጋይ ነው ወይ የወለደሽ?» ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኛት ይስማው አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «በርች እንግዲህ» አላትና ተመለሰ።

ሥርጉት የምትኖረው ገደል ላይ በተሰቀለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ ኤልዳ የሚባሉ አሮጊት ትጦራለች። በመጀመሪያው ጠዋት ስሜነሽ መስኮቱን እንደከፈተች እዚያው ቆማ ቀረች። ቤቶቹ፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሮዙ፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆሞ ቁልቁል ውኃ ያያል። ከበላያቸው የወይን እርከን፤ ከእርከኑ በላይ ጉም። ከታች ባሕሩ። ዓባይ እንኳ ያን ያህል ጉድ ሆኖ ማዶ አለው፤ ከሞጣ ቁልቁል ላየ ሰው የጎንደር አገር ይታያል። ይኸ ግን ማዶ የለው። ውኃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር ብታይ ብታይ ጠፋባት።

ቅዳሜ ሥርጉት መንደሮቹን ልታዞራት ይዛት ወጣች። ባቡሩ ዋሻ ይገባና ይጨልማል፤ ብቅ ሲል አንድ መንደር፤ ደግሞ ጨለማ፤ ብቅ ሲል ሌላ መንደር። እየነቁ መልሶ እንደ መተኛት፣ ህልሙም ካቆመበት እንደ መቀጠል ነበር። አንዱ መንደር ጀልባዎቹን እንደ ከብት ከደጃፍ አስሯቸዋል። ሌላው ጋ ሴቶች ትንንሽ ዓሣ በጨው እየደረደሩ ይሳሳቃሉ። የሎሚ አበባ ሽታ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣል፤ ይሄዳል።

«ምነው ዝም አልሽ፣ እታለም?» አለች ሥርጉት ደረጃ እየወጡ።

«ደረጃው ነው።»

«ቢቸና እንዲህ ያለ የለ!»

«ቢቸና ሰው ቤቱን ሜዳ ላይ ነው የሚሠራ። እነዚህ ምን አባሯቸው ነው ገደል ላይ የወጡት?»

ሥርጉት በሳቅ ፍርስ ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሳቋ ቁርጥ የእናታቸው ሳቅ ነው። ስሜነሽ ያን ያሰናዳችውን ቃል ዋጥ አደረገችው። የሚቀጥለው መንደር ላይ እነግራታለሁ አለች። የሚቀጥለውም አለፈ።

የመጨረሻው መንደር አፋፍ ላይ ባሕሩን የምታይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሥርጉት ገብታ ሻማ ለኮሰች።

«ለማን ነው?» አለች ስሜነሽ፣ ነገሩን ልትጀምረው።

«ለእናታለም ነዋ! ዕድሜዋን እንዲያረዝምልኝ። ከመነኮሰች ወዲህ ድምጿን ሳልሰማ ይኸው ስንት ዘመኔ። ደብረ ወርቅ ገብታ ስልክ እርም ብላለች አለኝ ይስማው። እኔም ከጸሎቷ እንዳላናጥባት ብዬ…» ዞር አለች። «ቆቡ ያምርባታል ግን?»

ስሜነሽ ግድግዳውን ያዘች።

«ያምርባታል ወይ?»

«ያምርባታል» አለች ስሜነሽ።

ወደ ማታ ሥርጉት ለኤልዳ እራት ስታቀርብ፣ ስሜነሽ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ይስማው ጋ ደወለች።

«አልነገርካትም!»

«ምኑን?» አለ ይስማው።

«አንተ ይስማው!»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ብቻዋን ናት፤ ወድቃ ብትቀር ማን ያነሳታል? አገሯ ስትገባ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል አልሁ። ወረቀቱ እንቢ አላት፤ ዓመት ዓመትን ወለደ።»

«እኔንስ ለምን ዋሸኸኝ?»

«አንች ብታውቂ በማግስቱ ትነግሪያት ነበር።»

«እህቴን ስጠላት እያየህ!»

«አሁንስ ተያት፣ እቴ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች፤ ያኔ…»

«ለእናቷ ስጦታ ሸክፋ መጥታ ድንኳን ታግኝ?» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

እንቅልፍ አልወሰዳትም። ቂሟን ብትፈልገው የለም። ይስማውን ብትረግመው ደስ ባላት፤ ግን በአንድ ነገር እውነቱን ነው፤ መርዶ ሰው ይፈልጋል። የሚይዝ፣ አብሮ የሚቀመጥ። እዚህ ገደል ላይ ደግሞ ከእነርሱ በቀር አንድ አበሻ የለም።

ጎህ ሲቀድ እህቷን ሳትቀሰቅስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች። አጥማጆቹ ከባሕር ገብተው መረብ ያራግፋሉ፤ ሚስቶቻቸው ዓሣ ይለቅማሉ። ስሜነሽ የአገሩን ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። መካከላቸው ቆመች። ደረቷን መታች። ሁለት እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሥርጉት መስኮት አመለከተች።

«ማማ?» አለቻት አንዷ ሴትዮ።

«ማማ» አለች ስሜነሽ።

ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ባሕር ሰው የሚበላበት አገር ነው፤ በማለዳ በር ሲንኳኳ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሴትዮዋ ሽርጧን ፈታች። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተከትለዋት ደረጃውን ሲወጡ፣ ከውኃው የተነሳው ጉም አብሯቸው የሚወጣ ይመስል ነበር። ኤልዳ ከመስኮት አይተዋቸው ኖሮ፣ ጥቁር ሻሽ ጣል አድርገው በሩን ከፍተው ጠበቋቸው።

ስሜነሽ አንዷን ሴት ከአልጋው በቀኝ፣ አንዷን በግራ አስቀመጠች። አጥማጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሥርጉት ፀጉሯ እንደተበተነ ቀና አለች። ሰዉን አየች። የእህቷን ነጠላ አየች። ከአገሯ ከወጣች ቆይታለች፤ ነጠላ እንዲህ ሲለበስ ምን እንደሆነ ግን አልረሳችም።

«እታለም… ማን?»

ስሜነሽ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘችና ነገረቻት። ከዚያ ሙሾውን ራሷ አወረደች፤ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምራ፣ እናታቸው ገና ዛሬ እንደሞተች አድርጋ።