ሌላ ሰው ይሁን

እና ደግሞ አልፈልግም አላለም፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ያለው ሁሉ ይመስክር፣ ያለው፣ አይ፣ ሌላ ሰው ይሁን፣ ነው፣ እሱንም ፈገግ ብሎ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሲጠቆም እንደሚለው ነው ያለው፣ ታዲያ ይቺ ስብሰባውን የምትመራ ልጅ ምን ሆና ነው እሺ ጋሼ እናመሰግናለን ብላ ወደሚቀጥለው የምታልፈው? እንዴት ይታለፋል? መሃል ላይ የሚቀር ነገር አለ እኮ። አንድ ሰው ተነስቶ፣ አይሆንም፣ እሳቸውማ ኮሚቴው ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ማለት አለበት፣ ያኔ እሱ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ዕድሜዬም ሄዷል ምናምን ይላል፣ ከዚያ ከኋላ ሌላ ሰው፣ ኧረ ጋሼ አያስለምኑን፣ ይላል፣ ይጨበጨባል፣ እንግዲህ ካላችሁ ምን ይደረግ የሚባለው ያኔ ነው። ወጉ ይሄ ነው። እሷ ወጉን ከነነፍሱ ዘላው ሄደች።

ቆሞ ቀርቷል። ከጎኑ ያለችው ልብስ ሰፊ የኮቱን ጫፍ ሳብ ስታደርገው ነው ቁጭ ማለት እንዳለበት የሚገባው፣ ይቀመጣል፣ የፕላስቲኩ ወንበር ሲጥጥ ይላል፣ ማንም ዞሮ አያይም። የመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሌላ ጥቆማ ካለ፣ ትላለች፣ ድምጿ ደስ ይላል፣ ትንንሽ ልጆችን ሲያባብል የኖረ ድምፅ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ክፉ ብትሆን እንዴት በተገላገለ፣ ተናዶባት ይወጣለት ነበር።

ነገሩ እኮ ቀላል ነበር። ይሄ አዳራሽ፣ ከጎኑ ያለችው የማንበቢያ ክፍል፣ ከጀርባ ያለው የልጆች መጫወቻ፣ ሁሉም እስካሁን በአስተዳደሩ እጅ ነበሩ፣ ጠባቂውም ከፋቹም ደመወዝተኛ ነበር፣ አሁን አስተዳደሩ እጄን አውጥቻለሁ ብሏል፣ ሰፈሩ ከራሱ በጎ ፈቃደኞች መርጦ ኮሚቴ ካላቋቋመ ሦስቱም ይዘጋሉ። ለዚህ ነው እሑድ ከሰዓት ሰው ከሶፋው ተነቅሎ የመጣው፣ መረብ የሌለውን የጠረጴዛ ቴኒስ ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ግማሹ ስልኩን እያየ፣ ግማሹ ማን ይጠቆም ይሆን ብሎ አንገቱን ደፍቶ፣ ሥራ የማይፈልግ ሰው እንዴት አድርጎ መሬት መሬት እንደሚያይ ጉድ ነው። እሱ ብቻ ነው ቀና ብሎ የተቀመጠው። ተላጭቶ መጥቷል። ኮት ለብሷል።

የማንበቢያ ክፍሏን ጠዋት ጠዋት የሚከፍት የኮሚቴ አባል ያስፈልጋል መባሉን ከጸጉር አስተካካዩ የሰማ ቀን ነው ነገሩ የጀመረው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በሐሳቡ ያንን በር ሲከፍት ነው የሚነጋው። ይከፍታል፣ መስኮቶቹን ገርበብ ያደርጋል፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ይመጣሉ፣ እንደምን አደራችሁ ይላቸዋል፣ እንደምን አደሩ ጋሼ ይሉታል። በቃ። ይሄው ነው። ሌላ ምንም አልፈለገም፣ ሊቀመንበር ሁን ቢሉት እንኳ ያስጨንቀዋል፣ እንደምን አደሩ የሚለው ሰው ብቻ ነው የፈለገው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ጠዋት የሚያናግረው ማንቆርቆሪያውን ነው፣ እሱም ሲፈላ ብቻ ነው የሚመልስለት። አውቶቡስ ሲነዳ እኮ ከተማው በሙሉ በሩ ላይ ይሰለፍ ነበር፣ ደህና አደርክ የሚለውም ነበር፣ አንተ ደንባራ ቀስ በል ብሎ የሚሰድበውም ነበር፣ ስድቡም አሁን አሁን ይናፍቀዋል።

ዛሬ መስታወት ፊት ቆሞ ምን ተለማመደ? እሺታውን መሰላችሁ? እምቢታውን። አይ፣ ሌላ ሰው ይሁን። ፈገግታው በዝቶ ቀልድ እንዳይመስል፣ አንሶ ኩራት እንዳይመስል፣ እጁ ደረቱ ላይ መቼ እንደሚወጣ ሳይቀር፣ ቂል፣ ያንን ሁሉ አሳምሮ አጥንቶ ገባ፣ እና ይኸው አሳመረው፣ በጣም ስላሳመረው አመኑት።

ጸጉር አስተካካዩን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ የጠቆመው እሱ ነው፣ አምላክ ይስጠው፣ በጥሩ ቃል ነው የጠቆመው፣ እኚህ ሰውዬ ሰዓት አክባሪ ናቸው፣ ሰውም ያከብራሉ ብሎ። ዐይኑን ይተክልበታል። ድገመው። አንዴ ድገመው እንጂ አንተ ሰው፣ እጅህን አውጣ። ጸጉር አስተካካዩ ዐይኑን ያገኘዋል፣ ደንገጥ ይላል፣ አንገቱን ሰብሮ መዳፎቹን ያጣብቃል፣ ይቅርታ መሆኑ ነው፣ ይቅርታ የምን?

እሷ ብትኖር።

ይሄን ሐሳብ እንዳያስብ ከቤቱ ጀምሮ ሲሸሸው ነበር፣ አሁን መጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል። ሚስቱ ብትኖር ከሴቶቹ መሃል እጇን ሳታወጣ፣ ማይክራፎን ሳትጠብቅ፣ ተዉት እሱን፣ ያንገራግራል እንጂ ይወዳል፣ ዝም ብላችሁ ጻፉት፣ ትል ነበር፣ አዳራሹ ይስቅ ነበር፣ እሱም አንቺ ሴትዮ አንዳንዴ እንኳ ዝም በይ እያለ ሆዱ ቅቤ ይጠጣ ነበር። የሾፌሮቹ ማኅበር ሲመርጠው እንደዚያ ነው የገባው። ጎረቤት ብላ ጠጣ ሲለው፣ አይ በልቻለሁ ሲል፣ አልበላም አቅርቡለት የምትለው እሷ ናት። ገና ሳይተዋወቁ፣ እሷ ተሳፋሪ ሆና ከጀርባው ትቀመጥ በነበረ ጊዜ፣ ብርቱካን ልስጥህ አለችው፣ አይ አመሰግናለሁ አላት፣ እሷ ደግሞ ዝም ብላ ልጣ መሪው አጠገብ አስቀመጠችለት፣ ቀይ መብራት ላይ በላው፣ እንደዚያ ነው የተጋቡት። አሁን ሲያስበው በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ የራሱን እሺ በራሱ አፍ ብሎ አያውቅም። እሱ እምቢውን ይላል፣ እሺውን እሷ ትልለታለች፣ ለሁለት ተካፍለውት ኖሩ፣ ካቻምና ስትሞት ድርሻዋን ይዛ ሄደች፣ እሱ እጅ ላይ የቀረው እምቢው ብቻ ነው።

ሌላ ጥቆማ፣ አንድ ቦታ ይቀረናል፣ ትላለች አስተማሪዋ። አንድ ቦታ። አሁን ራሱ ቢነሳስ? እኔ እገባለሁ ቢልስ? ምን ይሉታል፣ እንዴ፣ አሁን አልፈልግም ብሎ፣ ሥልጣን አማረው እንዴ፣ ይሉታል፣ በገዛ አፉ ራሱን ጠቁሞ የገባ ሰው ተብሎ ሰፈሩ መሳቂያ ያደርገዋል፣ ጉልበቱ ግን ለመነሳት እያሰበ ነው፣ ሁለት እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ይጭናል፣ እኔ፣ ሊል ነው፣ ከኋላ አንዲት ሴት፣ ልብስ ሰፊዋ ትግባ፣ ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ትነሳለች። ይጠብቃል፣ መቼም እሷም፣ አይ እኔ አልችልም፣ ሥራ ይበዛብኛል ትላለች፣ ወግ ነው። እሺ፣ ደስ ይለኛል፣ ትላለች። እንደዚህ! አንዴ! ሳታፍር! አዳራሹም አያፍርባትም፣ ያጨበጭባል፣ እሱም ያጨበጭባል፣ መዳፉ እስኪግል፣ ምን ያድርግ። የሚቃወም? የሚታቀብ? የለም፣ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ከዚያ እዚያው ሥራ ይከፋፈላል፣ አንዱ አዳራሹን ይይዛል፣ አንዱ መጫወቻውን፣ የማንበቢያ ክፍሏን ማን ይክፈት ሲባል ልብስ ሰፊዋ እጇን ታወጣለች፣ ሱቄ እዚሁ ፊት ለፊት ነው፣ በማለዳ ነው የምገባው፣ እግረ መንገዴን እከፍታለሁ። እግረ መንገዴን። እሱ ሙሉ ቀኔ ይሆንልኛል ብሎ ያሰበውን ነገር እሷ እግረ መንገዷን።

ስትቀመጥ ወደ እሱ ዘንበል ትላለች፣ ጋሼ፣ ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ይከብደኝ ይሆን እንዴ? ትለዋለች፣ ዐይኗ እውነት ነው የሚጠይቀው። አሁን ይከብድሻል ቢላትስ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት። ኧረ ትችያለሽ፣ ይላታል፣ አንቺ ካልቻልሽ ማን ይችላል፣ በርቺ። ፊቷ ይበራል፣ እግዜር ይስጥልኝ ትለዋለች። ይኸው፣ የሚያንገራግርን ሰው እንደዚህ ነው ገፋ የሚያደርጉት፣ ሲያውቅበት አያችሁ።

ወንበር መደራረብ ይጀመራል። ሰው በየጓደኛው እየተሰባሰበ ያወራል፣ እሱ አንድ ወንበር አንስቶ የት እንደሚያስቀምጠው እያየ ይቆማል፣ አንድ ጎረምሳ፣ እኔ ልያዘው ጋሼ፣ ብሎ ይቀበለዋል፣ እጁ ባዶ ይቀራል። ጸጉር አስተካካዩ እየተሽሎከሎከ ይመጣል። ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፣ ሳላማክርዎት ጠቁሜ በሰው ፊት አስጨነቅኩዎት፣ ሲቆሙ ፊትዎን አየሁት እኮ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም። ሁለተኛ አይለመደውም! ኧረ ምንም አይደል ልጄ፣ ይለዋል፣ ትከሻውን ቸብ ያደርገዋል፣ ሌላ ምን ይባላል። አስተማሪዋም በር ላይ ታገኘዋለች፣ ማይክራፎኑን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች፣ ጋሼ ቅር አላለዎትም አይደል? እምቢ ያለን ሰው አንጫንም ብለን ቀድመን ተነጋግረን ነበር፣ በጎ ፈቃድ ማለት እኮ ማንም ሳይገፋ ነው፣ እንደ ድሮው ሰውን በይሉኝታ ማስገባት ይብቃ ብለን ነው። ልክ ናት። የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው። ልክ ነሽ፣ ይላታል፣ በጣም ልክ ነሽ። ቤት ድረስ ልሸኝዎት? አይ፣ አይ፣ ግዴለም ቅርብ ነው፣ አፉ ከእሱ ቀድሞ ይመልሳል፣ እሷም ደህና ያምሹ ብላ ትሄዳለች፣ ሲሏት ታምናለች ይቺ ልጅ።

መንገዱ ቅርብ ነው፣ ያ እውነት ነው። ዳቦ ቤቱን ያልፋል፣ ልጆች ኳስ ይለጋሉ፣ አንድ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቆሞ በሩን ከፍቶ ይዘጋል። የራሱን በር ይከፍታል። ቤቱ ትቶት እንደወጣው ነው፣ ይሄ ነው የብቻ ቤት ክፋቱ፣ ማንም ምንም አያነሳም፣ ኩባያው ያው ቦታው ላይ ነው፣ የተላጨበት ፎጣ ያው ነው፣ ምን ይዘህ መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የት አመሸህ ብሎ የሚቆጣ የለም። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሆድ ብሶታል። እንግዲህ ነገ ጠዋት ምን ያደርጋል?

ስልኩ ይጮኻል። ልጁ ናት፣ ሌላ ከተማ ያለችው፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። አባዬ፣ እንዴት ዋልክ? ስብሰባው እንዴት ሆነ፣ መረጡህ? ከኋላዋ ልጆቿ ይጯጯሃሉ፣ ቴሌቪዥን አለ። ጠቁመውኝ ነበር፣ ይላታል፣ ለመኑኝ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ለመኑኝ ሲል ፊቱ ይግላል። ጎሽ አባዬ፣ ደግ አደረግክ፣ ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ለፍተሃል፣ አሁን እረፍ። እረፍ። ከካቻምና ጀምሮ ከማረፍ ሌላ ምን ሠርቶ። እና አባዬ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ልምጣ እንዴ? አይ፣ ምን አስቸገረሽ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ይላታል፣ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ አልቋል። እሺ እንግዲህ፣ ትላለች።

እሺ እንግዲህ። እናቷ እያለች ስልኩን ነጥቃ፣ ዝም ብለሽ ነይ፣ እሱን አትስሚው፣ ትላት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጅቷ ራሷ ትለምነው ነበር፣ አባዬ ልምጣ፣ አባዬ እባክህ፣ እሱ አይ አይ ሲል፣ አንድ ቀን መለመኑን ተወችው፣ ደክሟት ነው ወይስ እውነቱን መስሏት፣ እሱም አላስተዋለም፣ እምቢታው የሚያስከብረው መስሎት ስንት ቅዳሜ አሳለፈ። በል ደህና እደር አባዬ፣ ትላለች፣ ልትዘጋ ነው።

ነይ።

ምን አልከኝ?

ነይ አልኩሽ፣ ቅዳሜ፣ ልጆቹንም ይዘሽ፣ እፈልጋለሁ፣ ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለዋል። አባዬ፣ አሞሃል እንዴ? ትላለች፣ ደንግጣለች፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ሆነሃል? ኧረ ምንም አልሆንኩም የሚለው እዚያው ከንፈሩ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፣ ይውጠዋል።

ብቻዬን ነኝ፣ ይላታል። ብቻዬን ሆኜ ነው ልጄ።

በር ሲዘጋ ይሰማዋል፣ የልጆቹ ጩኸትና የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወዲያ ማዶ ይቀራሉ፣ ወንበር ይሳባል፣ ትቀመጣለች። እህ አባዬ፣ ትላለች፣ ንገረኝ።