የኮንጎው ዋሽንት

የጭነት መኪናው ቡሬ ገበያ ዳር ሲቆም፣ እልፍነሽ በነጠላ የጠቀለለችውን ጋቢ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ከእህል ጆንያዎቹ ላይ ተንሸራታ ወረደች። ረዳቱ ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ ጋቢውን የሚቀበላት መስሏት ወደ ኋላ ሸሸች።

“አይዞዎት እናቴ፣ አልቀማዎትም!” አለ እየሳቀ። “ገበያው ሲፈታ ወደ ፍኖተ ሰላም የምንመለሰው እኛው ነን። እዚሁ ዋርካው ስር ይጠብቁን።”

“ከዚያ በፊትስ የሚሄድ የለም?”

“ገና አሁን መምጣትዎ! ምን አስቸኮለዎት?”

ያስቸኮላት እቤት ተኝቶ የቀረው ልጇ ክንዱ ነው። ጎረቤቷን ውቢትን እሳት ለመጫር እያለች ብቅ ብቅ እንድትልለት ለምናታለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

ክንዱ ከኮንጎ ዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ዓይኑን ሲከድን ይጮኻል፤ ሲጮኽ የሚጠራቸውን ሰዎች እናቱ አታውቃቸውም። የሚያስተኛው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያው ያመጣው ዋሽንት። ቆስሎ በተኛበት ሆስፒታል አጠገቡ አንድ የአየርላንድ ወታደር ተኝቶ ነበር። በቋንቋ አይግባቡም። ወታደሩ ግን አባቱ በእጁ የሠራለት፣ ከጥቁር እንጨት የተቦረቦረ ዋሽንት ነበረው፤ የአገሩን የገጠር ዜማ ይነፋበታል፤ የሰርጉንም የለቅሶውንም። ክንዱ ጣቶቹን እያየ ተማረ። በኋላ የወታደሩ ቁስል አመርቅዞ ሐኪሞች ጣቶቹን ሲቆርጡበት፣ ክንዱ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠውና ዋሽንቱን ገዛው። ከዘመቻው ይዞት የመጣው ንብረት እሱ ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ሰፈሩ ማጉረምረም ጀመረ። በቄስ ቤት፣ በጾም፣ ያውም ከሥርዓተ ቅዳሴ መልስ ዋሽንት ይሰማል ተባለ። ባሏ መምሬ ወልደ ገብርኤል ልጁን በመልካም ቃል ለመኑት፣ ቀጥሎም ተቆጡት። በመጨረሻ እሱ ወንዝ እስኪወርድ ጠብቀው ዋሽንቱን ከተሰቀለበት የግድግዳ ችካል አወረዱና ከቡሬ እየመጣ ለሚነግድ ተራ ነጋዴ ሰጥተው በምትኩ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ተቀበሉ። እልፍነሽ ምድጃው አጠገብ ቆማ አየች። ጾሙ ሲፈታ ሌላ ይገዛለታል ብላ ዝም አለች።

ክንዱ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ባዶውን ችካል አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ትናንት ጠዋት መደቡን ስታራግፍ ከቁርበቱ ስር ጠፍር አገኘች። ለበሬ ቀንበር የሚታሰርበት ጠንካራ ጠፍር ነው። በሬ ግን ከሸጡ ቆይተዋል። ጠፍሩን ጎታ ውስጥ፣ ከእህሉ ስር ቀበረችው።

ተራ ነጋዴውን ጨው ተራ አገኘችው። ዋሽንቱን ዓባይነሽ ጠጅ ቤት ለሚጫወተው ለአዛናው እንደሸጠው ነገራት። ጠጅ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች። የሚያውቃት ሰው እንዳለ ግራና ቀኝ አየችና ገባች።

ዓባይነሽ በርሜል እያጠበች ነበር። ቀና ብላ ለየቻት። “የመምሬ ወልደ ገብርኤል ሚስት! በሁዳዴ! እኔ ቤት!” አለችና እርጥብ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “አንተ አዛናው፣ ጉድ ና እይ! ጠጅ ነው ወይስ ጸበል አምሮሽ ነው፣ እቴ?”

“ስለ እግዚአብሔር ቀስ በይ። አንድ ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት።”

“ምን ዕቃ?”

“ዋሽንት። ጥቁር፣ ከባድ። ከተራ ነጋዴው የተገዛው። የልጄ ነው።”

ዓባይነሽ መሳቋን ተወች። አዛናው ከጓሮ ገባ፤ ሸንበቆ የሚበሳበትን የጋለ ብረት እንደያዘ። በጾሙ ስለማይጫወት ለፋሲካ ዋሽንቶቹን እያበጀ ነበር።

“ያን ነገር ነው የሚሉት?” አለ። “እናቴ፣ ያ ሰውዬ አታሎኛል። እንዲያው እንጨቱ አምሮኝ ነው እንጂ ድምፅ የለውም።”

“አለው! ልጄ ይነፋበታል።”

“በምኑ ይነፋዋል? አፉ የተደፈነ ነበር እኮ። ደፍኖ የሚሠራ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ የተደፈነውን ጫፍ በመጋዝ ቆረጥኩት።”

“ቆረጥከው?”

አዛናው ከመደርደሪያው ሁለት ቁራጭ አውርዶ መደቡ ላይ አኖረ። ረጅሙ ቀዳዳዎች ያሉት ነው፤ እንደ ራሱ ዋሽንቶች አራት ብቻ እንዲቀሩ ሁለቱን በሰም ደፍኗቸዋል። አጭሩ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ጉማጅ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ አንዲት ሞላላ ቀዳዳ አለችው። መጋዙ ከቀዳዳዋ ጥቂት ዝቅ ብሎ አልፏል። ከቆረጣው የወጣው ዱቄት ገና ከእንጨቱ አልተራገፈም።

እልፍነሽ አጭሩን አነሳችና ከረጅሙ ጋር ገጥማ ከፊቷ ላይ አግድማ ያዘችው፤ ክንዱ እንደሚይዘው። ቀዳዳዋን ከከንፈሯ አስጠጋች።

“እንዲህ ነው” አለች። “በጎኑ ነው የሚነፋው። ጫፉ ተደፍኖ፣ ትንፋሹ በዚች ይገባል።”

አዛናው የጋለውን ብረት መሬት ላይ ጣለው። “በጎኑ?” አለ። ከእጇ ተቀብሎ ቁራጮቹን እየገጣጠመ ሞከረ። ትንፋሹ በመገጣጠሚያው እየሾለከ ፉፉ አለበት። ደግሞ ሞከረ። አንድ ቀጭን፣ የታፈነ ድምፅ ወጣና ወዲያው ጠፋ። አዛናው ዋሽንቱን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

“አፈር በበላሁ! እኔ ዋሽንት በጫፉ እንጂ በጎኑ ሲነፋ አይቼ አላውቅም። ሸንበቆ ቢሆን ሌላ እቆርጥልዎት ነበር። ይህ ግን … ይህን የሠራ ሰው እዚህ የለም።”

“አባቱ ነው የሠራው” አለች እልፍነሽ። “የወታደሩ አባት። አየርላንድ።”

“አየርላንድ የት ነው?”

“እኔ ምን አውቄ? ከባሕር ማዶ ነው።”

ዓባይነሽ ቀረብ ብላ ትከሻዋን ነካቻት። “ስሚኝ እቴ። ይህን ለልጁ አታሳዪው። ነጋዴው ዓባይን ተሻግሮ ሄደ፣ አጣሁት በዪው። ተስፋ አድርጎ ይቆያል። በእኔ ሞት፣ ይህን ያየ ልጅ ምን ሊሆን ነው?”

እልፍነሽ ስለዚህ ሳታስብ አልቀረችም። ጠፍሩ ትዝ አላት። ነጋዴው ሲመለስ ዋሽንቱ ይመጣል እያለ የሚጠብቅ ልጅ፣ ባዶ ችካል እያየ የሚጠብቅ። ወይም ይህን ቁራጭ በእጁ የያዘ ልጅ። የትኛው ያድነዋል? የሚያውቅ ሰው ቢኖር እግሩ ስር ትወድቅ ነበር።

“እገዛዋለሁ” አለችና ጋቢውን ፈታች። ጥጡን ራሷ ፈትላዋለች፤ ጥለት የለውም፤ ነጭ ብቻ።

ዓባይነሽ ዳሰሰችው። “ይህን የመሰለ ፈትል! ለማን የተሠራ ነው?”

“ለመገነዣዬ።”

አዛናው አንገቱን ደፋ። “እኔ አልቀበልም፤ እንዲያው ይውሰዱት” አለ።

“አንተ ባትቀበል እኔ እቀበላለሁ” አለች ዓባይነሽ፣ ጋቢውን እያጠፈች። “ዋሽንቱ በእኔ ሒሳብ የተገዛ ነው። ደግሞስ እኔ አልሞትም እንዴ?” ጥቂት ቆይታ ግን ወደ ጓዳ ገባችና ከማሩ የተጣራ አንድ ጉርሻ ሰም በቅጠል ጠቅልላ አመጣችላት። “እንኪ። ምናልባት።”

እልፍነሽ ፍኖተ ሰላም ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። መኪናው ካወረዳት ቦታ እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ሮጣ ነው የጨረሰችው። ውቢት ከደጅ ተቀምጣለች።

“አለ?” አለቻት ገና ከሩቁ።

“የት ይሄዳል? እንደተኛ ነው። ያቀረብኩለትን አልቀመሰም። አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?”

እልፍነሽ አልፋት ገባች። ክንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው። ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፈትታ ሁለቱን ቁራጮች ከትራሱ አጠገብ አኖረች።

ሽታው ይሁን ድምፁ፣ ዞረ። ረጅሙን አነሳ፤ ከዚያ አጭሩን። በአውራ ጣቱ የመጋዙን ጥርስ ዳበሰ። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ያ ነው ያስፈራት።

“ማን ቆረጠው?”

“የማያውቅ ሰው። ሊያበጀው ብሎ።”

“ማን ሰጠው?”

ነጋዴ ሰረቀው ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም። “አባትህ። እኔም ቆሜ እያየሁ።”

ቁራጮቹን ቁርበቱ ላይ ጣላቸውና ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እልፍነሽ ተነስታ ሰሙን ምድጃ ዳር አለሰለሰች። በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባውን ሰም በእሾህ ፈልፍላ አወጣች። የመገጣጠሚያውን ዙሪያ ቀባች፤ ቁራጮቹን ገጥማ ሰሙን አሸችበት፤ በላዩም ሁለት መዳፎቿን ጠቀለለች።

“ክንዱ። ተነስ። እኔ እይዘዋለሁ፤ አንተ ንፋ።”

“አይሆንም እማዬ። ያስተነፍሳል።”

“ያስተንፍስ።”

ክንዱ ተነስቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ፤ እሱ ከንፈሩን ቀዳዳዋ ላይ አደረገ፤ ጣቶቹን ዘረጋ። ሲነፋ ትንፋሹ በጣቶቿ መሀል ሞቆ አለፈ። አጥብቃ ጨመቀችው። ሻካራ ድምፅ ወጣ፤ ጉሮሮው እንደታመመ ሰው። ተቋረጠ። ደግሞ ወጣ። ዜማው የለቅሶው መሆኑን ለየችው።

ከአጥሩ በኩል የመቋሚያ ድምፅ መጣ፤ የመምሬ ወልደ ገብርኤልም ሳል ተከተለ። ክንዱ አፉን አነሳ።

“መጡ” አለ።

“ሰምቻለሁ።”

“ጾም ነው እማዬ።”

በሩ እንደተከፈተ ነው። ልትዘጋው ብትነሳ እጇን መልቀቅ ነበረባት። አልተነሳችም። መዳፎቿን ሰሙ ላይ ይበልጥ አጠበቀችና በዓይኗ ቀዳዳዋን አሳየችው።

“ንፋ” አለችው።