አየር የሳበች ትራክተር

ሙሀይሚን ትራክተሯን የላከው ለታናሽ ወንድሙ ለሙዓዝ ነው። አርባ ዓመት ያለፋት ቀይ የናፍጣ ትራክተር ነች። ከአንድ ሽማግሌ የሆላንድ ገበሬ ገዝቶ፣ ዘይቷን ቀይሮ፣ ቡሎኖቿን አንድ በአንድ አጥብቆ፣ በጅቡቲ በኩል ወሎ፣ ሐርቡ አስገባት። አገር ምድሩ መረቀው።

ከዚያ በፊት ሙዓዝ የሚደውለው ለሁለቱ ዒድ ብቻ ነበር። ሰው ሥራ ሲበዛበት ወንድሙን ይረሳል፤ አይፈረድበትም። ትራክተሯ ከገባች ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ በጠዋት ይደውላል። "ወንድምዓለም፣ ዛሬም እምቢ አለች!"

ሙሀይሚን እዚያው ሆላንድ፣ ኒው ዌስት በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ከተለየችው ሰባት ዓመት ሆነ። ልጁ ኑስራ ሮተርዳም ትማራለች፤ መልእክት ትልካለች እንጂ አትደውልም። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ስለዚህ የሙዓዝ ስልክ ሲጮህ ሻዩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና ማዘዝ ይጀምራል። "የናፍጣ ፊልትሮውን ቡሎን አላላው። አሁን የእጅ ፓምፑን ግፋ። አረፋው እስኪጠፋ እንዳታቆም።" ሙዓዝም ፓምፑን እየገፋ ወሬውን ያወርደዋል፦ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ ማን እንደሞተ፣ የእናታቸው ጉልበት እንዴት እንዳደረ። ሃያ ደቂቃ ይሞላል። ከዚያ ትራክተሯ ስታስል ስታስል ቆይታ ትነሳለች። "ተነሳች! በል ቻው!" ስልኩም ይዘጋል። ለሙሀይሚን ያቺ ሃያ ደቂቃ የሳምንቱ ስንቁ ነበረች።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሙሀይሚን ምክንያቱን ገና በሁለተኛው ስልክ አውቆታል። ከፊልትሮው ቡሎን ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ደድራለች፤ ትራክተሯ ቆማ ስታድር በዚያ በኩል አየር ትስባለች፤ ናፍጣውም ሞተሩ ጋ አይደርስም። መዳብ ደግሞ እሳት ላይ ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል። መልሶ ማጥበቅ ነው፣ አለቀ። ግን ይህን ከነገረው ሙዓዝ ምን ብሎ ይደውላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ "አርጅታ ነው" እያለ አለፈው።

ሐምሌ ላይ ሙዓዝ በሌላ ድምፅ ደወለ።

"ስናስነሳት ስናስነሳት ባትሪው ሞተ። ይኸው ሦስት ቀን ቆመች። ጎረቤቱ ሁሉ ጤፉን ሊዘራ ነው፤ እኔ መሬቱን ገና አልገለበጥኩም።" ከዚያ ቀጠለ። "ሰዉም ወንድምህ ፈረንጅ የጣለውን ቆርቆሮ ላከልህ ይለኛል። እኔ ግን ወላሂ፣ የሚያውቀውን አንድም አይደብቀኝም አልኳቸው።"

የሙሀይሚን ፊት ጋለ። በገዛ ወንድሙ እርሻ ላይ ሲጫወት እንደከረመ ያኔ ገባው፤ አፈረ። "ባትሪ ተዋስ" አለው። "ከዚያ በፊት ግን መፍቻ ያዝና አንዲት ቀለበት አውጣ።" እሳቱንም ውሃውንም ነገረው። ሁለት ዓመት ሲያውቀው እንደቆየ ግን አልነገረውም፤ ያንን ዋጠው።

በማግስቱ ስልክ አልመጣም። በሳልስቱም። ሙሀይሚን ሻዩን አፍልቶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከታች ትራሙ ያልፋል። ስልክ ከጠፋ ትራክተሯ ድናለች ማለት ነው፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎታል፤ ብቸኝነቱ ግን በለጠ። አሥር ቀን ታገሰና በእሁዱ ጠዋት ራሱ ደወለ።

ሙዓዝ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ አነሳ። ሙሀይሚን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ የሞተሩ ድምፅ ያለ አንዳች መንተፋተፍ ይወርዳል።

"ምነው ወንድምዓለም፣ በደህና ነው? ምን ተበላሸ?"

እስኪ አሁን ምን ይባላል? ናፈቅከኝ ሊል አፉን ከፈተ። ወንድማማቾቹ ከተወለዱ ተባብለውት አያውቁም፤ በሞተር ጩኸት ላይ እንዴት ይጀመራል?

"ምንም አልተበላሸም" አለ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሙዓዝ ከልቡ። "በል እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልጨርስ።" ስልኩን ዘጋው።