ባምፐሩ ላይ የቀረው ጓንት

ጋሼ ገረሱን የማያውቅ የአብነት ሰፈር ሹፌር የለም። የተጨረማመተ ቆርቆሮ በግራ እጃቸው ከኋላ ደግፈው፣ በቀኛቸው በመዶሻ እያባበሉ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያደርጉ ባትላሜራ ናቸው። ምን ያደርጋል፣ ዘመኑ ፋይበር ይዞ መጣ። የመኪናው ባምፐር ሁሉ ጨርቅና ሙጫ ሆነ፤ በመዶሻ ሲነኩት እንደ ገል ይሰነጠቃል። የፋይበር ሥልጠና ወስዶ ፈተናውን ላላለፈ ደግሞ የጋራዥ ፈቃድ አይታደስም ተባለ። ጋሼ ገረሱም በዚያ ዕድሜያቸው ልደታ ካለ ማሠልጠኛ ገቡ።

የፈተናው ዕለት እንዳለች የተባለችው አሠልጣኝ የተሰነጠቀ ባምፐር ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ጨርቁን ያልብሱት፣ ሙጫውን ይቀቡ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ዝም ብለው ይጠብቁ።»

«ዝም ብዬ?»

«አዎ፣ ዝም ብለው።»

ከሥልጠናው ሁሉ የከበዳቸው ይኼ ነበር። ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ሙጫው ውስጥ የሚጨመረውን ማድረቂያ፣ ወጥ አልጣፍጥ እንዳለው ሰው፣ ጨመር ጨመር አደረጉበት። ግራ እጃቸውም ማንም ሳያዘው፣ የቆዳ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ በልማዱ ከኋላ ሄዶ ስንጥቁን ደገፈ። ሙጫው ሾልኮ ጓንቱን አራሰው፤ ሞቀ፤ ጠነከረ። እጃቸውን ሳብ ቢያደርጉ ባምፐሩ አብሮ መጣ።

ማን ይናገራል? የጋራዥ ፈቃዳቸው ትዝ አላቸውና ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

«ያስቀምጡትና ልየው፣ ጋሼ።»

«እንደያዝኩት እዪው፣ ልጄ።»

«ጀርባውንስ?»

ጋሼ ገረሱ ከነባምፐሩ ዞሩ። የታየው ግን የራሳቸው ጀርባ ነበር።

አጠገባቸው የሚፈተነው ሱፍያን አላስቻለውም። «ጋሼ፣ እንግዲህ ታርጋ ያውጡ!»

«አንተ ሥራህን ሥራ!»

እንዳለች ሳትስቅ ባምፐሩን ሳበችው። ጋሼ ገረሱ ተከትለው መጡ። ሱፍያን ወገባቸውን ይዞ ወደኋላ ሲጎትት እጃቸው ሾልኮ ወጣ፤ ጓንቱ ግን ጣቶቹን እንደዘረጋ ባምፐሩ ላይ ቀረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማጠናከሪያ ነው።»

እንዳለች ጥገናውን ገፋችው፣ ጠመዘዘችው፤ ንቅንቅ አላለም። «ሥራው ጠንክሯል። ጣቶቹ ግን ይነሡልኝ» ብላ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠቻቸው።

ቁጭ ብለው መፈግፈግ ጀመሩ። ትንሿ ጣት ላይ ተራገሙ፤ መሐል ጣት ላይ አላባቸው፤ አውራ ጣት ላይ ሲደርሱ ማንም ሳይላቸው ዝም ብለው ነበር።

«ይቺ እንኳ ትቅርልኝ?»

«አትቀርም፣ ጋሼ።»

ሲጨርሱ እንዳለች መዳፏን በጥገናው ላይ አሳልፋ «አልፈዋል» አለች። ጋሼ ገረሱ በደስታ ሊጨብጧት እጃቸውን ዘረጉ። ሙጫ እንደነካው ሲያዩ እንደ ወጉ አንጓቸውን ሰጧት። አንጓቸውም ያብረቀርቃል። ክርናቸውን አዞሩላት። እንዳለች ክርኑንም አየት አደረገችው፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደኋላ አጣምራ፣ ከቆመችበት ሳትጠጋ፣ በአክብሮት ጎንበስ አለች።