ሃያ ሦስተኛው ድንጋይ

ከሂርና በላይ ባለው ጉብታ ላይ ክብ ሠርተው የቆሙትን ድንጋዮች ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም። ከብትና ልጅ እንደማይቆጠር እነሱም አይቆጠሩም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከጭሮ የመጣችው ቀያሽ መክሊት መሣሪያዋን በሦስት እግሩ አቁማ «ከአንድ እንጀምር» ስትል፣ ጫት ማሳዋ ዳር የቆመችው ሎሚ ልቧ ድንግጥ አለ።

ያስደነገጣት ነውሩ አይደለም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ባሏ ቢራቱ ከሚኤሶ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ሊሄድ ሲል፣ ሁለቱ ከወንዝ ድንጋይ አንከባለው ከክቡ በአንዱ ጎን ክፍት በነበረው ቦታ ተክለው ነበር። «እስክመለስ ቦታዬን ይያዝልኝ» አለ ቢራቱ። «የሚቆጥር የለ፣ የሚያውቅ የለ።»

አልተመለሰም። ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። ሌላ ባል አግቢ ያሏትን «የራሳችሁን ባል ጠብቁ» እያለች አባረረች። ጠዋት ጠዋት ግን ጫት ከመቁረጧ በፊት ያንን ድንጋይ በመዳፏ ነካ ሳታደርግ አታልፍም። አሁን ቢታወቅባት ነቅለው ይጥሉታል።

የመክሊት የመለኪያ ዘንግ ያዥ ዳባ ዳገቱ ላይ እግሩን ወለም ብሎት ተቀምጧል።

«እማማ፣ ይህን ዘንግ በየድንጋዩ አናት ላይ ቀጥ አድርገው ይይዙልኛል?» አለች መክሊት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ብዬ የኖርኩ ሴትዮ ዘንግ ያቅተኛል?»

ዳባ ሳቀ። «እኔም እስከ ረፋድ ድረስ ቀጥ ብዬ ነበር።»

«አንተማ ሜዳም ይጥልሃል።»

ከድንጋይ ድንጋይ ዞሩ። ሎሚ ዘንጉን ታቆማለች፣ መክሊት በመሣሪያው አይታ ትመዘግባለች። ሎሚ የቢራቱን ድንጋይ ሆን ብላ መጨረሻ አደረገችው፤ ሃያ ሦስተኛ ሆነ። መክሊት ቀና አለች።

«ይሄኛው ለየት ይላል። የወንዝ ድንጋይ ነው።»

ሎሚ ዘንጉን ይበልጥ ቀጥ አደረገችው።

«ይሁን፤ የጥንቶቹ ራሳቸው ከወንዝ አምጥተውት ይሆናል። ከሌሎቹ ጋር አስገባዋለሁ።»

የሎሚ ትከሻ ረገብ አለ። ተረፈ ማለት ነው። ደስ ሲላት አፏን አያስችላትምና «የትኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው አሉ በዚህ ሸንጎ ይቀመጡ የነበሩት?» አለች።

«መቀመጫ አይደለም እማማ። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ እንዲህ ባሉ ድንጋዮች ሥር ሲቆፈር አፅም ነው የተገኘው። እያንዳንዱ ለአንድ ሟች የቆመ ነው።»

ሎሚ ዘንጉን ከድንጋዩ ላይ አነሳች። የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው ሲባል ነበር የሰማችው። ለካስ ባሏን በገዛ እጇ ከሙታን ጋር አቁማው ኖራለች።

«ሰርዢው» አለች።

«ምኑን?»

«ይሄን። የሟች አይደለም፣ የባሌ ነው። እኔና እሱ ነን የተከልነው።»

«ኧረ እማማ» አለ ዳባ፣ «ዝም ቢሉ እኮ ከጥንቶቹ ጋር ለዘላለም ካርታ ላይ ይኖር ነበር።»

«ከሙት ጋር ለዘላለም ኖሮ ምን ሊበጀው?»

መክሊት እርሳሷን ይዛ አሰበች። «መንቀል አይፈቀድልኝም፤ ባለበት ይቆያል። ከመቃብሮቹ ግን አወጣዋለሁ። በሌላ ምልክት፣ የቅርብ ጊዜ ብዬ እጽፈዋለሁ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነው ቅርብ?»

«ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ትናንት ነው፣ እማማ።»

ሎሚ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ሁሉም ዘመኑ አለፈ፣ ተስፋ ቁረጪ ሲላት ነው የኖረው። ትናንት ነው ያላት ሰው አልነበረም።

«እንግዲያው ጻፊው።»

«ከፍታውን አልወሰድኩም። ዘንጉን ይመልሱልኝ።»

ሎሚ ዘንጉን ድንጋዩ አናት ላይ መልሳ አቆመች። ከታች አስፋልቱ ዳር ከሚኤሶ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም፤ አረማመድ ግን ይለያል።

«ጨርሻለሁ፣ ያውርዱት» አለች መክሊት።

«ቆዪ» አለች ሎሚ ዓይኗን ሳትነቅል። «ወርደው አልጨረሱም።»