ለግራ እጅ የተሠራ

እትዬ ጦይባ የቤታቸውን ጥግ የሰጡን ለሙከራ ነበር። አሳ ቤታቸው ከጀልባ ማቆሚያው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ጣና ሐይቅ ዳር ነው። ቅዳሜ ሲሆን የከተማው ደመወዝተኛ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፣ የመሸንቲና የአንበሳሜ ሰውም ከገበያ መልስ ጎራ ይላል፤ መቀመጫ አይገኝም።

"ቅዳሜን ይቁምና እንየው" አሉን። "ሰው ከወደደው ይኑር። ካልወደደው ግን ያች ጥግ ለጠረጴዛ ትፈለጋለች። ኋላ ኩርፊያ አላውቅም።"

"ማን ያኮርፋል፣ እማ?" አለች ልጃቸው ሐፍሳ።

"አንች ነሻ! ማን ሊሆን ኖሯል?"

ጥጉ ላይ ልናቆመው የነበረው እኔና ሐፍሳ በእጃችን የሠራነው የጌም ማሽን ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ የሚያንስ የዋንዛ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ከጀርባው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር። ከፊቱ ደግሞ የመጫወቻው ሰሌዳ አለ፤ በግራ በኩል ጆይስቲክ የሚባል መንጃ ዘንግ፣ በቀኝ በኩል ባለቀለም ክብ ቁልፎች፣ ለሁለት ተጫዋች ጎን ለጎን። ጆይስቲኮቹንና ቁልፎቹን ከቡዳፔስት በሻንጣ ያመጣሁ እኔ ነኝ። እዚያ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ ብዙ ነገር ጀምሬያለሁ፤ ብዙ ነገርም ትቻለሁ። እናቴ ሹም አቦ ሰፈር ያለውን መኝታ ቤቴን "ጋራዥ" ትለዋለች፤ ተፈትቶ የቀረ እንጂ ተገጥሞ የወጣ ነገር አይታበት አታውቅም።

የማሽኑ ሐሳብ ግን የሐፍሳ ነው። ስልኳ ላይ በጨዋታ የሚያሸንፋት የለም። አንድ ቀን ተያይዘን ሰፈሬ ካለ ጌም ቤት ገባን። ክፉ የተናገረን ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ዞር ብለው አዩን፣ "ተራ አለ" አሉን፣ ቆምን። ተራው ግን አልደረሰንም፤ ከእኛ ኋላ የገባ ሁሉ ተጫውቶ ወጣ። ስንወጣ ሐፍሳ ፊቷ ቀልቷል።

"ዜማ፣ አንች መሐንዲስ አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። "እኛው ሠርተን እማ ቤት እናቁመው። እዚያ ማንም ሴት ልጅ ገብታ ትቀመጣለች። ማን ምን ይላታል?"

የፈለገችው ይህን ነበር፤ ሴት ልጅ ሳትሳቀቅ የምትጫወትበት አንድ ቦታ። ጥጉን ካጣነው ሌላ የሚሰጠን ሰው አልነበረም።

ሰሌዳውን የሠራነው በአባቷ በጋሽ አብዱልሃኪም የጀልባ መሥሪያ ግቢ ነው። የጋሽ አብዱልሃኪም አባት የደንገል ታንኳ ያስሩ ነበር፤ እርሳቸው በእንጨትና በላሜራ የሞተር ጀልባ ይሠራሉ። እናም ሰሌዳችን ጀልባ ከመሆን አላመለጠም። ጠርዙን ሁሉ ደፍነው፣ በጀልባ ቀለም ደጋግመው ቀብተው፣ አንድ ሰው የማያነሣው አድርገው አስረከቡን።

"ውኃ ቢገባባት ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ።

"ኧረ ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ቤት ውስጥ እኮ ነው የምትቆም።"

"ቤትም ያፈሳል" አሉኝ።

ጨዋታውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሁለት ታንኳዎች ጉማሬ ከሞላበት ውኃ ማዶ ለመድረስ ይሽቀዳደማሉ። ጆይስቲኩ ይቀዝፋል፤ ቁልፉ ሲጫኑት ታንኳዋ ፈንጠር ብላ ከጉማሬው አፍ ታመልጣለች።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አጀማመሯ ደህና ነበር። መልካሙ የሚባል የቤቱ ደንበኛ፣ ባለባጃጅ፣ አሳውን አዝዞ እስኪደርስለት ማሽኑ ፊት ቆመና ከጓደኛው ጋር መቅዘፍ ያዘ። "በላህ! ጉማሬው በላህ!" እያለ ሲጮህ ቤቱ ሁሉ አንገቱን አዞረ። እኔና ሐፍሳ ተያየን።

ከዚያ ጥብሱ መጣ። አሳ በትኩሱ ነው የሚበላ። መልካሙ ሄዶ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና ሊጫወት ተመለሰ። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ዘይትና አዋዜ ነው።

"ታጠብ እንጂ!" አለችው ሐፍሳ።

"ታጥቤ እስክመጣ ጉማሬው ይጠብቀኛል?" አለና ቁልፉን በክርኑ ተጫነው።

ቤቱ ሳቀ። ቀጥሎ የመጣው ሰው በመዳፉ ጀርባ ተጫነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ግን ምን ቸገረኝ ብሎ በቅባታም ጣቱ። ቀዩ ቁልፍ አዋዜ ጠጥቶ ገባና አልወጣ አለ፤ ታንኳዋ ማንም ሳይነካት ብቻዋን ትዘል ጀመር። እትዬ ጦይባ ከጓዳ ብቅ ብለው "ሳይታጠብ የሚነካ የለም!" ብለው አወጁ። ይህን ጊዜ ደግሞ መታጠቢያው ጋ ሰልፍ ሆነ፤ ሊበላ የገባው እንግዳ ቧንቧ አጣ፤ ሰው ያጉረመርም ጀመር።

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ከገቡ ጀምሮ ዐይናቸው ከማሽኑ አልተነቀለም። አንደኛዋ ብድግ አለች፤ ከዚያ ቤቱን ዞራ አየች። ማሽኑ ፊት መቆም ማለት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ጀርባን መስጠት ነው። ሻርፗን አስተካከለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሐፍሳም አይታታለች።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ጦይባ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ፣ "ያምራል፤ አልዋሽም" አሉ። "ግን ልጆቼ፣ ይህ አሳ ቤት ነው።"

"አንድ ቅዳሜ ጨምሪልኝ፣ እማ።"

"ምኑን ልትለውጡት?"

ሐፍሳ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሐይቁ አየሁ።

"እሽ፣ የምትመጣዋ" አሉ እትዬ ጦይባ። "ከዚያ ወዲያ አትጠይቂኝ።"

በማግስቱ ሐፍሳ አሳ ቤቱ ውስጥ ቁልፎቹን ፈታ ስታጥብ፣ አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሥራ እንዳለ እንደነገረኝ አነሣሁባት። ምናልባት ይህ ማሽን ለዚህ ቦታ አይሆንም ይሆናል አልኋት። ቀና አላለችም።

"አንች ስትጀምሪ ነው የምታምሪው" አለች። "ትንሽ ሲበላሽ ሻንጣ ፍለጋ።"

"ሻንጣ አላነሣሁም።"

"ዐይንሽ አንሥቷል።"

ተናደድሁ። ምሳ ሰዓት ነው። እርሷን ላለማየት ተመጋቢውን አያለሁ። ሁሉም በቀኙ ይቆርሳል፣ አጥንት ይለያል፣ ይጎርሳል። ግራ እጁን አንዱ ጉልበቱ ላይ ጥሎታል። ሌላው አገጩን ደግፎበታል። አንዷ ስልኳን ይዛበት በአውራ ጣቷ ትገፋለች። ቤቱ በንጹሕ፣ በደረቅ፣ ሥራ በፈታ ግራ እጅ ተሞልቷል። እኔ ያመጣሁት ንድፍ ደግሞ ሁለቱም እጁ ባዶ ለሆነ፣ ቆሞ ለሚጫወት፣ ምግቡን ሌላ ቦታ በልቶ ለመጣ ሰው የተሠራ ነው።

"ሐፍሳ፣ ግራ እጃቸውን እስቲ እይ።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። ሥራ የለውም።"

ሐፍሳ ለጥቂት ጊዜ ሰዉን አየች። የያዘችውን ቁልፍ ጎድጓዳው ሳሕን ውስጥ ለቀቀችው።

"ሰሌዳውን ወደ ገበታው እናምጣዋ!" አለች። "ማንም አይነሣም። ልጆቹም ለማንም ጀርባ አይሰጡም።"

"ቁልፉስ? አንድ እጅ ነው ያለን፤ መቅዘፍም መዝለልም አለበት።"

ከደጅ ዛፉን ተደግፎ የቆመ ብስክሌት በአገጯ አሳየችኝ። "መሪ እንደያዝን አይደለም እንዴ ፍሬን የምንይዝ?"

ባሕር ዳር ውስጥ የብስክሌት መሪ ያልጨበጠ እጅ የት ይገኛል? ያን ቀን ከሰዓት ከብስክሌት ጠጋኙ የተጣለ መሪ ለምነን መጣን።

ጋሽ አብዱልሃኪም ያን የለፉበትን ሰሌዳ በራሳቸው መጋዝ ቆረጡት። "ያን ሁሉ ቀለም!" እያሉ ነው የቆረጡት። ከእርሱ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ወጡ፤ እያንዳንዳቸው ከአሳው ሳሕን አጠገብ የሚቀመጡ። በየሳጥኑ መካከል የጆይስቲኩን ሥር ተከልሁና በላዩ የመሪውን ጫፍ ከነላስቲክ እጀታው፣ ከነፍሬኑ ቀጥ አድርጌ አቆምሁት። የፍሬኑ ሽቦ በእጀታው ውስጥ ወርዶ ከሥር ያለች ትንሽ ማብሪያ ይስባል። እጀታውን ወዲያ ወዲህ ስትገፊው ታንኳዋ ትቀዝፋለች፤ ፍሬኑን ጨበጥ ስታደርጊው ትዘላለች።

መጀመሪያ ላይ ፍሬኑ ጠጠረ። ሐፍሳ ጥቂት ተጫውታ ጣቶቿን አራገበች። ሞላውን አውጥቼ የእስክሪብቶ ሞላ አስገባሁበት፤ አሁን ደግሞ ላላና ታንኳዋ ፍሬኑን ሳይነኩት ትዘል ጀመር። የእስክሪብቶውን ሞላ ቆርጬ አሳጠርሁት፣ ዘረጋሁት፣ እንደገና ቆረጥሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ስደርስ ሌላ ነገር ያምረኝ ነበር። አሁን ግን ከምሳ ላይ እየተነሣሁ ወደ ግቢው እሮጣለሁ። ሳጥኑ ሲገፉት ከጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ፤ ጋሽ አብዱልሃኪም የአሳ መረብ የሚያሰምጡበትን እርሳስ አቅልጠው ከሥሩ አፈሰሱበት። ከእጀታው ሥር ዘይት እንዳይሰርግ ደግሞ ከጎማ ካላማዳሪያ እንደ ቀሚስ ያለ ሽፋን ቆርጠው ዙሪያውን በሽቦ አሰሩለት። ሲጨርሱ በላዩ ጣሳ ውኃ ደፉበት። እኔ ጮህሁ። እርሳቸው ሳጥኑን ገልብጠው ከፈቱና ደረቅ ሆዱን አሳዩኝ።

"እኔ ምን ብዬሽ ነበር?" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ሳጥኖች በረጅም ገመድ ከማሽኑ አገናኝተን መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። ማሽኑ ከጥጉ ሆኖ ለቤቱ ሁሉ ይታያል። መልካሙ ገባና ቆሞ አያቸው።

"ብስክሌት ቆርጣችሁ ነው?"

"ተቀመጥ" አለችው ሐፍሳ። "አሳህን እየበላህ ነው የምትጫወት። በግራህ ብቻ።"

"እኔ በግራዬ አፍንጫዬን እንኳ አላገኘውም።"

"ባጃጅህን ማርሽ በየትኛው እጅህ ነው የምትቀይር?"

መልካሙ ግራ እጁን አየት አደረገ። "በ... ግራዬ።"

"እንግዲያ ቅዘፍ።"

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጥብሱ መጣ። ሐፍሳ በቀኟ አጥንት እየለየች በግራዋ ትቀዝፋለች፤ ዐይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ጣቶቿ አጥንቱን ያውቁታል። መልካሙ ወይ ይበላል ወይ ይቀዝፋል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ሲሞክር አንዱ ይቀርበታል።

"ብላ እንጂ መልኬ፣ በረደብህ እኮ!" ይላል ጓደኛው።

"ዝም በል፣ ጉማሬ መጣ!"

ጉማሬው ሲመጣ መልካሙ በድንጋጤ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨበጠ። አዋዜው ከጣቱ እየተንጠባጠበ በእጀታው ወረደ።  አዋዜው በካላማዳሪያው ቀሚስ ላይ ተንሸራትቶ ሄደና ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። ሐፍሳ በጨርቅ ጠረገችው። ታንኳዋ ዘለለች፤ እጀታው ምንም አልሆነም።

ሐፍሳ ግን ቀድማ ማዶ ደረሰች። ቤቱ ጮኸ። መልካሙ ያልበላውን አሳ እያየ፣ "ሁለት ጊዜ ተሸነፍሁ" አለ። "ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው?"

"ከጋሽ አብዱልሃኪም ግቢ የመጣ ነው" አልሁት። ድምፄ ካሰብሁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

ከአጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ወንድ "ተራ የእኔ ነው" ብሎ እጁን ዘረጋ። ሐፍሳ የመልካሙን ሳጥን አነሣችና ገመዱን እየጎተተች በሰዉ መካከል አልፋ ከግድግዳው ሥር ካሉት ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ከሳሕናቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ባለፈው ብድግ ብላ የተቀመጠችው ልጅ እዚያ ነበረች።

"በግራሽ ያዥው" አለቻት ሐፍሳ።

ልጅቱ ከወንበሯ አልተነሣችም። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከፊቷ ሳሕኗና ጓደኞቿ አሉ። እጀታውን ጨበጠች፣ ፍሬኑን ሞከረችው፣ ታንኳዋ ስትዘል ሳቀች። ሰውየው ከማዶ የሐፍሳን ሳጥን ይዞ "እንግዲህ ነይ!" አላት። "መጣሁልህ!" አለችው። እንደዚያ ሆኖ ሳጥኑ ከገበታ ወደ ገበታ ሲዞር ዋለ። አንዲት የመሥሪያ ቤት ሴትዮ ባሏን አሸንፋው እስኪበላ አልጠበቀችውም፤ ከልጇ ጋር ጀመረች። መታጠቢያው ጋ ሰልፍ አልነበረም።

እትዬ ጦይባ ትሪ እንደያዙ ከጓዳው በር ቆመው ይህን ሁሉ ያያሉ።  ሐፍሳ ደግሞ እንዳላየቻቸው ሆና በየደቂቃው ታያቸዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሳሊህ የሚባሉ፣ ከማቆሚያው ወዲያ ማዶ ምግብ ቤት ያላቸው ሰው መጡ። ቆመው አዩ፤ አንዱን እጀታ ነካ ነካ አደረጉ።

"ጦይባ" አሉ፣ "ይችን ለእኔ ልቀቂያት። ደንበኛዬ ሁሉ እዚህ ገብቶ ቀረ።"

"እሷ ከዚህ ቤት አትወጣም" አሉ እትዬ ጦይባ። ትሪውን አስቀመጡ። "ቦታዋ ያ ጥግ ነው፤ የልጆቼ ሥራ ናት። ከፈለጉ ልጆቹ ሌላ ይሥሩልዎት።"

ሐፍሳ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። አንዲት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለእናቷ አጎረሰቻቸው፤ ሌላ ጠቅልላ ወደ እኔ መጣች። ተቀበልኋትና አፌ እንደሞላ ወደ ጋሽ ሳሊህ ዞርሁ።

"እርስዎ ቤት ሰዉ በምንድን ነው የሚበላ?"

"በምን ይበላል? በእጁ ነዋ። ፈረንጅም ይመጣል፤ እርሱ በቢላና በሹካ ነው።"

"ሁለቱም እጁ ተያዘ ማለት ነው" አልሁ።

"እንግዲያስ እግር ቀርቶናል" አለች ሐፍሳ።

ቤቱ ሳቀ፤ እኔ ግን ሜትሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ሥር ገብቻለሁ። የሰው ጫማ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ጉልበት የሚነካበትን ከፍታ እለካለሁ።

"ኧረ ተነሽ ልጄ፣ ሰው እየበላ ነው!" አሉ እትዬ ጦይባ ከላይ።

"መጣሁ" አልኋቸው፤ የመልካሙን እግር ወዲያ ገፋ አድርጌ መለካቴን ቀጠልሁ።