ጋሼ ክፍሉ በጠዋት የመጡ ዕለት

ባለቤቴ ዮፍታሄ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ያልሞተው የሞት ዓይነት የለም። በጥይት ሞቷል፣ ከፎቅ ተወርውሮ ሞቷል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ፊልሙ ሳይጀመር ሞቶ ሙሉ ቀን ሬሳ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ዋለና ጉንፋን ይዞት ቤት ገባ። ካልሞተ ታክሲ ይነዳል። ታክሲ ካልነዳ፣ ስሙ ከማይጠራ አገር ፕሬዚዳንት ጀርባ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስም ያለው ሰው ሆኖ አያውቅም። ፊልሙ አልቆ የተዋንያኑ ዝርዝር ሲወርድ ሶፋችን ላይ ዓይናችንን አፍጥጠን እንጠብቃለን፤ «ታክሲ ነጂ» ይላል፣ «ጠባቂ ሁለት» ይላል። አንዴ «ጠባቂ አንድ» የሆነ ጊዜ እራት ጋብዤዋለሁ።

እኔ ሉሊት እባላለሁ። ቀን ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ጤፍና በርበሬ የምንሸጥበት ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ የዮፍታሄ ፖሊስ፣ ዳኛና ሐኪም እሆናለሁ። የዛሬ ጊዜ ኦዲሽን፣ የተዋናይ መምረጫው ፈተና፣ ቤት ውስጥ በስልክ ተቀርጾ ነው የሚላከው። ተዋናዩ ስልኩ ፊት ይቆማል፣ ሌላ ሰው ከስልኩ ኋላ ሆኖ የሌሎቹን ንግግር ያነብለታል። ያ ሌላ ሰው እኔ ነኝ። አነባበቤን የሰማ ዳይሬክተር ለባሌ አዝኖ ሥራ ያልሰጠው በምን አንጀቱ እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ዮፍታሄ ጢሙን ተላጨ። ያን ጢም ዓመታት ያሳደገው የሽፍታ አለቃ ለመሆን ነበር፤ ስለዚህ ባዶ አገጩን ሳይ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ። ታናሽ ወንድሙ ዳኜ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እየዞረ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ያድራል። «ናና አብረን እንንዳ» እያለ ሲወተውተው ነው የኖረው።

«የትራክ ትምህርት ቤት ተመዝግቤያለሁ» አለኝ ዮፍታሄ። «በሚመጣው ወር ይጀምራል።»

ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ምን እለዋለሁ? መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሥራ የሚያፈላልግለት ኤጀንቱ የደወለለት በዚያው ሳምንት ነው። ገጸ ባሕርዩ ዘርዓብሩክ ይባላል። አዎ፣ ስም አለው፤ ጸሐፊው ከየት አምጥቶ እንደሰጠው እንጃ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ አባት ነው፤ ልጁ ይገደልበታል፣ እሱም የገዳዩን ዱካ ተከታታዩ ድራማ እስኪያልቅ ድረስ ይከተላል። ቀርጾ እንዲልክ የተጠየቀው የመጀመሪያውን ትዕይንት ነበር፤ ሁለት መርማሪዎች በሩን አንኳኩተው የልጁን ሞት ሲነግሩት። ስክሪፕቱ ላይ «ይወድቃል፤ ይጮኻል» ይላል።

ዮፍታሄ ወደቀ፣ ጮኸ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድቡ ድረስ ሲወድቅ ሰነበተ። ቪዲዮውን እያየ ደግሞ ያጠፋዋል።

«እያስመሰልኩ ነው» አለኝ አርብ ዕለት። «በሩን አንቺ ስትከፍቺው አልፈራም።»

«ሚስትህን ካልፈራህ ማንን ትፈራለህ?»

መሳቅ ጀምሮ ተወው። ተያየን። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ጋሼ ክፍሉ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ብታገኟቸው ጨዋታቸው ጥርስ የማያስከድን ሰው ናቸው። ግን እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም፤ አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው ለባለቤቱ ሳይሆን መጀመሪያ ለጋሼ ክፍሉ ነው የሚደርሰው። እሳቸው ጥቁር ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፣ ሌላ ሽማግሌ ይጨምራሉ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ገና ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። የዚህ ከተማ ሐበሻ ግማሹ የእናት የአባቱን መርዶ የሰማው ከሳቸው አፍ ነው። አንድ ጊዜ የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ በጠዋት ቢሄዱ ባለቤቲቱ በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከምሳ ሰዓት በፊት የማንንም በር ለሌላ ጉዳይ አንኳኩተው አያውቁም።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ሲበሉ አገኘናቸው። ዮፍታሄ ነገሩን ሲያስረዳቸው እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ።

«በመርዶ አይቀለድም» አሉት። «ሟርት ነው። ቤትህ ውስጥ እናት አለችህ።»

«አልቀልድም ጋሼ። እርስዎ በሩ ላይ ሲቆሙ የሚሰማኝን ነው የምፈልገው። ከሌላ ሰው አላገኘውም።»

«እናቱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ» ብዬ እኔ ገባሁበት። «ጋሼ ክፍሉ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ እስከ ዛሬ የሞተው ሁሉ በሰው አገር ስክሪፕት ነው። አንድ ቀን እንኳን እንደ እኛ ሰው ሐዘን ይቀመጥ። እምቢ ካሉኝ እድር ላይ እጨቀጭቅዎታለሁ፣ ያውቁኛል።»

ያውቁኛል። ብዙ ቆዝመው በቅድመ ሁኔታ ተስማሙ፤ እቆማለሁ እንጂ የማንንም ስም አልጠራም፣ ሞተ የሚል ቃልም ከአፌ አይወጣም አሉ። አብረዋቸው እንዲመጡ የመረጡት ጋሼ ጌታሁንን ነው። ጋሼ ጌታሁን ደግሞ እሑድ እሑድ አማቴን፣ እትዬ ውብነሽን፣ ወደ ቅዳሴ የሚያደርሷቸው ሰው ናቸው። ያን እሑድ እንደማይመጡ፣ በምትካቸው ሌላዋ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ እትዬ ለተማርያም፣ እንደሚወስዷቸው ነገሯቸው። ምክንያቱን ግን ፈርተው አልነገሯቸውም።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱ ሽማግሌዎች በኋላ በር በኩል መጡ። ዮፍታሄ ስልኩን በቋሚው ላይ አቆመና መቅረጽ ጀመረ። ጋሼ ክፍሉ ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሳሎኑ መካከል ቆሙ። እያወቅኩት እንኳን «እግዚኦ» አልኩ።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና እትዬ ገቡ። የጸሎት መጽሐፋቸውን ረስተው ነበር የተመለሱት።

መጀመሪያ ጋሼ ክፍሉን አዩ፤ ከዚያ «ነገ አልመጣም» ያሏቸውን ጋሼ ጌታሁንን አዩ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ፊታቸው ቆሟል። ሌላው መንገድ ላይ ነው።

አልጮኹም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና፣ «ተቀመጡ» አሉ። «ትናንት የደፋሁት ዳቦ አለ።»

ጋሼ ክፍሉ ከመሰላሉ ወዲህ በጠዋት መርዶ ሳይዙ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። «እትዬ ውብነሽ...» ሲሉ እትዬ ድፎውን ይዘው ከማድ ቤት ወጥተዋል።

«መጀመሪያ ይብሉ። አቶ ክፍሉ፣ ይብሉ እንጂ፤ አፍዎ ባዶ አይሁን።»

ቆረሱና በእጃቸው አስያዟቸው። ለጋሼ ጌታሁንም ቆረሱ። ጋሼ ክፍሉ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሌላ ቆረሱላቸው። እኔ በድን ሆኜ ቆሜያለሁ። እኚህ ሴት እሑድ ከቅዳሴ በፊት እህል ሲበላ ማየት የማይወዱ ሴት ናቸው፤ አሁን ግን እነዚህ ሽማግሌዎች እስከበሉ ድረስ አይናገሩም፣ እስካልተናገሩ ድረስ ዳኜ በሕይወት አለ። 

«እማዬ፣ ዳኜ ደህና ነው» አለ ዮፍታሄ።

ዞረው አላዩትም። «ብሉ» አሉ።

«እማዬ፣ የፊልም ሥራ ነው። ኦዲሽን ነው። ዳኜ ምንም አልሆነም።»

ቢላዋው ቆመ። «ደውሉልኝ» አሉ።

ዳኜ ስልኩን አነሣ። «በጠዋት ምንድን ነው? ኒው ሜክሲኮ ናፍጣ እየሞላሁ ነው። ሄሎ? ማነው?» እትዬ ድምፁን ሰሙና ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ አለቀሱ። ጋሼ ክፍሉ ዳቦውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ።

«ልጄን ገድላችሁ አስነሣችሁልኝ» አሏቸው እትዬ። «በዚህ ዕድሜያችሁ። አንተማ ጌታሁን፣ ከእንግዲህ መኪናህ ውስጥ እግሬ አይገባም።»

ቋሚው ላይ ያለው ስልክ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ሁሉንም ቀርጾታል። ዮፍታሄ አየው፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፣ አልዋሽም። እንደዚያ ያለ እውነት በየትም ፊልም አላየሁም። ዮፍታሄ ግን ስልኩን አነሣና ቪዲዮውን ሰረዘው፤ ከስልኩ የመጣያ ማኅደርም ገብቶ አጠፋው።

«ይሄ የእናቴ ነው» አለኝ። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ያን ጠዋት እንደ አዲስ ወደድኩት።

ከዚያ ቋሚውን ማጠፍ ጀመረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እማዬ። ቀረ፤ ተውኩት። ከዳኜ ጋር እነዳለሁ።»

እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ከማን ጋር ነው የምትነዳው?» አሉት። «አንዱ ልጄ መንገድ ላይ ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሞታለሁ። አንተንም ልትጨምርልኝ ነው?»

«እማዬ...»

«ያንን እንጨት መልሰህ አቁም። አቶ ክፍሉ፣ ይነሡና ወጥተው እንደገና ይግቡ። በከንቱ አላስለቀሳችሁኝም። ዳቦውም ተቆርሷል።»

ጋሼ ክፍሉ ወጥተው ገቡ። ዮፍታሄ አያቸው። አልወደቀም፣ አልጮኸም። «ተቀመጡ» አለ፤ ዳቦውን አንሥቶ ይቆርስ ጀመር። ጋሼ ክፍሉ ሊናገሩ ሲሉ ቁራሹን ያስይዛቸዋል። እየቆረሰ፣ እየቆረሰ ዳቦው አለቀ፤ ቢላዋው ባዶ ሰሃን ላይ ጮኸ። ቀና ብሎ አያቸው። ይኸው ነው። ከስልኩ ኋላ ላነብ የያዝኩት የመርማሪዎቹ ንግግር ግማሹ ሳይነበብ ቀረ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በማግስቱ ኤጀንቱ በቁጣ ደወለ። «ስክሪፕቱ ይወድቃል ይላል። ለምን አልወደቅክም?»

«የሚወድቀው ከተነገረው በኋላ ነው» አለው ዮፍታሄ። «እኔ እንዲነግሩኝ አልፈቅድም።»

«ይሄን ብልክ ሥራውን ታጣለህ። እንደተጻፈው አድርገህ ሌላ ቅረጽ።»

«ሌላ የለኝም። ወይ ያንን ላከው፣ ወይ ምንም አትላክ።»

ሃሎ የሚል ጠፍቶ ሰነበተ። የትራክ ትምህርት ቤቱ ቀን ደረሰ፤ ዮፍታሄ እናቱን ዓይን ዓይናቸውን እያየ አልሄደም። በዚያ ፋንታ ሱቃችን እየመጣ የጤፍ ከረጢት ይሸከም ጀመር። ሰው ሁሉ «ፊልሙ እንዴት ነው?» ሲለው «እየሠራሁ ነው» ይላል፣ ከረጢቱን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። ስልኩ ሲጠራ በርበሬ እያወረደ ነበር። አነጋገረና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ዘርዓብሩክ እኔ ነኝ» አለኝ።

ቀረጻው የፊልም ስቱዲዮዎቹ ባሉበት በበርባንክ ነበር። ጋሼ ክፍሉ ከሚኖሩበት ከባልድዊን ሂልስ መጥተው ሁላችንንም በመኪናቸው ወሰዱን፤ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ዮፍታሄ ነው የለመናቸው፤ መርማሪዎቹን በሚጫወቱት አሜሪካውያን ጀርባ፣ ካሜራው በማያያቸው በኩል ይቆሙለት ዘንድ። ትዕይንቱ ዮፍታሄ ቀርጾ እንደላከው ተቀይሯል፤ የቀረጻው ዕቃ ኃላፊ ያዘጋጀችው በላስቲክ የታሸገ ስስ ዳቦ ነበር። እትዬ አገላብጠው አዩትና በነጠላ ጠቅልለው ያመጡትን ድፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መድገም ቢያስፈልግ ብለው ሦስት ደፍተዋል።

ቀረጻው በሚታይበት ሞኒተር ፊት ወንበር ሰጧቸው። ሊጀመር ሲል እጄን ያዙኝ።

«ዳኜን ደውይልኝ።»

«እትዬ፣ እዚህ ስልክ ክልክል ነው።»

«ደውይልኝ አልኩሽ።»

ደወልኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሼ ሰጠኋቸው።

«አውራልኝ» አሉት በሹክሹክታ።

«ስለ ምን ላውራ እማዬ?»

«ስለፈለግከው። ብቻ ዝም እንዳትል።»

አንዱ ወጣት ሠራተኛ ስልኩን አይቶ ሲመጣ ፊቱ ቆምኩበት። ያን ሰዓት ሊያልፍ ቢሞክር ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ እሱም ሳይገባው አልቀረም፣ ተመልሶ ሄደ። ቀረጻው ተጀመረ። በሩ ተንኳኳ። ዮፍታሄ ከፈተ፤ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ጋሼ ክፍሉን አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። «ተቀመጡ» አለ። ቆረሰና አስያዛቸው።

እትዬ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ልጃቸው ከመጨረሻው ቁራሽ ላይ ሲደርስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይበልጥ ተጫኑት፤ ዳኜ አሪዞና ላይ ናፍጣ ስንት እንደገባ እያወራ ነበር።